የጉልላቱ መዘውር

ሬሳው የተገኘው በኮከብ መመልከቻው ጉልላት ውስጥ፣ ከብረት መሰላሉ ሥር ነው። ሟቿ የጣቢያው ኃላፊ ነበረች። ጭንቅላቷ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ከሥሩ ግን የታጠፈ ሹራብ ተደርጓል።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ሹራቡን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረች። ቀኝ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል።

«ከኃላፊዋ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ?»

«የበሩን መብራት ለምን አበራህ ብላ ሰደበችኝ። የሰደበኝን ሁሉ ብገድል ኖሮ ሰፈሬ ውስጥ ሰው ባልቀረ!»

የሟቿ ባል እዚያው የሚሠራ ተመራማሪ ነው። «አሞኝ በጊዜ ተኛሁ» አለ ዓይኑን ሳያነሳ። «ያገኘኋት ሲነጋ ነው።»

ታናሽ እህቷም ከከተማ ደርሳለች። ከየጣቢያው የሚላከውን የከዋክብት ምስል በኮምፒውተር የምትከታተለው እሷ ናት።

«ትናንት ማታ ምን አይተሽ ደወልሽላት?»

«አንድ ሩቅ ኮከብ ባልተለመደ ሁኔታ እየደመቀ ነበር። ብርሃን የሌለው አካል በፊቱ ሲያልፍ በስበቱ የኮከቡን ብርሃን ያጎላዋል። ካለፈ አለፈ ነው፤ አይደገምም። ‹እትዬ፣ ቶሎ ያዢው› አልኳት። ምስሉ ሳይቋረጥ ሲደርሰኝ፣ ደህና ናት ብዬ...»

መርማሪዋ የጉልላቱን መዘውር በሁለት እጇ ታግላ ጥቂት አዞረችው። ሞተሩ ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ የጉልላቱ ክፍተት ኮከቡን ተከትሎ ካልዞረ ምስሉ ይጠቁራል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ እንዳለው፣ የወደቀችው ሥራው ገና ሲጀመር ነው፤ ነፍሷ የወጣው ግን ከሰዓታት በኋላ። ለሬሳ ደግሞ ትራስ አይደረግም። ስለዚህ በሕይወት ሳለች ያገኛት ሰው አለ። ያ ሰው ለሐኪም አልደወለም። ምስሉም አልተቋረጠም፤ እስኪነጋ መዘውሩን ያዞረ ሰው አለ ማለት ነው። መዘውሩ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ዘበኛው ያለው አንድ ነው። እህቷ ከተማ ነበረች።» ወደ ባልየው ዞረች። «ማን ቀረ?»

«አልገፋኋትም!» አለ ባልየው። «ስትጣደፍ አዳለጣት። ራሷን ስታ ትነቃለች ብዬ... ዕድሜ ልካችንን የጠበቅነው ነገር እኮ ነው! ለአፍታ ብተወው ያመልጠናል።»

«አልጠራችዎትም?»

«መጀመሪያ ላይ ትጠራኝ ነበር።»

ካቴናው ሲገባለት ቀና አለ። «ኮከቡ ዛሬም ገና አልደበዘዘም፤ ማን ይከታተለው?»

እህትየው አላየችውም። «እናታችን አልሰማችም» አለች ለመርማሪዋ። «እንዴት ብዬ ላርዳት?»

«ለዛሬ፣ ወድቃ ሞተች በያት። ሌላውን ከፍርድ ቤት ትሰማዋለች።»