በፍጻሜው ቀን የተጠቀለለ ቆዳ

ሌዲ ሮዛሊንድ ቬርኒ ከሴቶቹ መልበሻ ክፍል መታጠቢያ ገንዳ ሥር በጀርባዋ ተዘርግታ ተገኘች። ነጭ ቀሚሷ ገና ከመተኮሻው የወጣ ይመስላል፤ ከጆሮዋ በላይ ግን ተፈንክታለች። ዕድሜዋን ሙሉ አፍንጫዋን ቀስራ ሰው ስትንቅ ኖራ ዛሬ ጣራ ላይ አፍጥጣ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ የቴኒስ የሴቶች ጥንድ ፍጻሜ ልትጫወት ነበር። ውጭ የለንደን ዝናብ ይወርዳል። ሣሩ እንዳይበላሽ በሸራ ተሸፍኗል፤ ተመልካቹም በጃንጥላ ሥር ተቀምጦ እንጆሪውን በክሬም እያጠቀሰ ይበላል። ሰው ሞተ ብሎ ሳህኑን ያስቀመጠ አንድም አልነበረም።

ኢንስፔክተር ማቤል ሆልሮይድ ስትደርስ አለቃዋ ሚስተር ግሪምሾ ጉዳዩን ጨርሶ ሲጋራውን እያጨሰ ነበር።

«ተንሸራታ ነው። የገንዳው ጠርዝ መታት። ጻፊና እንሂድ።»

ማቤል በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን በመዳፏ አበሰችው።

«ወለሉ ደረቅ ነው፣ ጌታዬ። ጫማዋም ለእርጥብ ሣር የተሠራ ጎማ ነው። በሣር ላይ ያላንሸራተታት በደረቅ ወለል ያንሸራትታታል? ደግሞ የገንዳ ጠርዝ ረጅም ነው፤ ቁስሏ ግን ክብ ነው።»

ግሪምሾ አፍሮ አያውቅም፤ ወዲያው ሌላ ሐሳብ አመጣ።

«እንግዲያው ያቺ አጣማሪዋ ናት። የቢላ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ልጅ። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሬሳውን አገኘሁ ያለችውም እሷው ናት። ዝናቡ እስኪያባራ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ካቴና አጠልቅላታለሁ። መጨረሻዋን ገመዱ ያውቃል።»

በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ነፍሰ ገዳይ ይሰቀል ነበር።

ማቤል የሟቿን ራኬቶች አንድ በአንድ አነሳች። የሁለቱ እጀታ ቆዳ በላብ ጠቁሯል። የሦስተኛው ገና ከሱቅ የወጣ ይመስላል፤ ከጫፉ በሰም በታሸ ጥቁር ክር ታስሯል። የእጀታውን ታች ቁስሉ አጠገብ ብትይዘው ልክክ አለ። ራኬቱን በብብቷ ሻጥ አድርጋ ወጣች።

አጣማሪዋን ቤሪል ዶብሰንን የመለስተኞቹ ተጫዋቾች መልበሻ ክፍል አግዳሚ ላይ ተኮራምታ አገኘቻት። የሼፊልድ ልጅ ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ።

«ጠዋት ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«መረቡ ላይ ስቆም እንደ ገብስ ከረጢት ነሽ አለችኝ፣ እሜቴ። ገብስ ይበላል፣ አንቺ ለምን ትሆኛለሽ አልኳት።»

ማቤል ሳቋን ዋጠች። «ይህን እጀታ እዪልኝ።»

ቤሪል ራኬቱን በግራ እጇ ተቀበለች፤ በዚያው ነው የምትጫወተው። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ የሷ አይደለም… ማለቴ፣ ራኬቱ የሷ ነው፤ ጥቅልሉ ግን የሷ አይደለም። በፍጻሜ ቀን አዲስ ቆዳ የሚጠቀልል ሰው የለም፣ ያሙለጨልጫል። ደግሞ አጠቃለሉ የግራኝ ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ቆዳው የሚጠቀለለው እጅ ሲጨብጠው እንዲጠብቅ ነው። ለቀኝ በአንድ በኩል፣ ለግራ በተገላቢጦሽ። ያለዚያ በጨበጡት ቁጥር ጠርዙ ይላጣል። ሌዲ ሮዛሊንድ ቀኝ ናት።» ራኬቱን መለሰችላት። «ግራኟ እኔ ነኝ። የተናገርኩት ምን እንደሚያመጣብኝ አውቃለሁ፣ እሜቴ፤ ጅል አይደለሁም። ግን የጠየቁኝን መለስኩ።»

ማቤል የቤሪልን ሁለት ራኬቶች አየች። የሁለቱም ቆዳ ጫፍ በትንሽ ሚስማር ተመትቷል።

«ክር ታስሪያለሽ?»

«ክር? ያ የሴት አያቶቻችን ነገር ነው! ማን ይታገለዋል?»

የሟቿ ባል ሰር ሂውበርት ቬርኒ ሰገነቱ ላይ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ክሬም አለ። ወደ ሴቶቹ ክፍል ወንድ አይገባምና በሩ ላይ የምትቆመዋ ሴትዮ እሱን አላሳለፈችም፤ እሱም ማለፍ አልፈለገም። የሚስቱ ነገር ያስጨነቀው በአንድ በኩል ብቻ ነበር።

«የኔ እመቤት፣ ጨዋታው ይሰረዛል ማለት ነው? እንግዶች ጠርቼ ነበር።»

«ሚስትዎ ጠላት ነበራት?»

«ጊዜ አጣች እንጂ ሁሉንም ጠላት ታደርግ ነበር!» ብሎ ሳቀ። «ዛሬ ጠዋት እንኳ አሰልጣኟን አሮጊቷን ኤኒድን አባረረቻት። ‹የክብር ወንበርሽ ቀርቷል፤ ከነገ ጀምሮ እንደ ሕዝቡ በር ላይ ተሰልፈሽ ግቢ› አለቻት። የአሮጊቷን ፊት ብታዪው! ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።»

ማቤል እንደ ወደቀ እንጆሪ አየችውና ትታው ሄደች።

ወደ ሻይ ቤቱ በሚወስደው መተላለፊያ የቀድሞ ባለዋንጫዎች ፎቶ ተሰቅሏል። አንዱ ፊት ቆመች። ቀሚሷ ሣር የሚጠርግ ወጣት፣ ዋንጫውን በቀኝ ክንዷ እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ራኬቷን በሌላው እጇ ወደ ሰማይ ቀስራለች። ሥሩ «ኤኒድ ትሬሲ» ይላል። ፎቶው ሥር ባለው የመስታወት ሳጥን ያው ራኬት ተጋድሟል። ማቤል አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ጎንበስ ብላ እጀታውን አየች።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ሚስ ኤኒድ ትሬሲ ሻይዋን በቀኝ እጇ ቀዳች፤ ጠብታ አላፈሰሰችም።

«ሮዛሊንድ እንደ ልጄ ነበረች፣ ኢንስፔክተር። ያቺን የፋብሪካ ልጅ አጣማሪ አታድርጊ ብያት ነበር። ግራኝ አይታመንም።»

«እርስዎ ቀኝ ነዎት?»

«እንደሚያዩት» አለችና በቀኝ እጇ ስኳር አማሰለች።

ዝናቡ አባራ። ሜዳ ጠባቂዎቹ ሸራውን መሳብ ሲጀምሩ ማቤል አራቱንም ሻይ ቤት ሰበሰበቻቸው። ግሪምሾ ካቴናውን በጣቱ ያሽከረክራል። ቤሪል ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ወንበር የሰጣት የለም።

ማቤል ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሌዲ ሮዛሊንድ አልተንሸራተተችም። በዚህ እጀታ ታች ተመትታለች። ቆዳው ደም ስለ ነካው ገዳይዋ ላጠችውና አዲስ ጠቀለለች። ገዳይዋ የምለው ወንድ ስለማይገባ ነው፤ ሰር ሂውበርት እንጆሪዎን ይብሉ። አሁን ጥቅልሉን እዩ፤ የግራኝ ነው። እጅ የለመደውን ይሠራል፤ ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ይብስበታል።»

«ያው ነው ያልኩት!» አለ ግሪምሾ፤ ወደ ቤሪል ተራመደ። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«ይቁሙ፣ ጌታዬ! ቤሪል ቆዳዋን በሚስማር ነው የምትመታው። ይህ በሰም ክር ታስሯል። ገዳይዋ ግራኝ ብቻ አይደለችም፤ የድሮ ሰው ናት። ራኬቷን በግራ እጇ ይዛ የተነሳችው ፎቶ እዚህ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ አለ፤ ሥሩ ሳጥን ውስጥ ያለው ራኬቷም በዚሁ ዓይነት ክር ታስሯል። እናንተ በየቀኑ ታልፉታላችሁ፤ የአሮጊት ፎቶ ማን ያያል?»

ሁሉም ወደ ሚስ ኤኒድ ዞሩ። ሴትዮዋ ቅንድቧንም አላነሳችም።

«በልጅነቴ አስተማሪዎቼ ግራ እጄን በአርጩሜ እየመቱ በቀኝ አስጻፉኝ። ቴኒስ ብቻ በግራ ቀረ። ይህ ወንጀል ነው? ክርስ ስንቱ ያስራል?»

ሌላ ማስረጃ አልነበረም፤ ማቤልም ይህን ታውቃለች። ራኬቱን አነሳችና ፊቷን አጨማደደች።

«ልክ ነዎት፣ ሚስ። እንዲያውም እርስዎ ሊሆኑ አይችሉም። ይሄ የጀማሪ ሥራ ነው፤ ልቅ፣ የተዝረከረከ። የሳጥኑ ራኬት ያማረ ነው፤ ይሄን ግን ዓይነ ስውር የጠቀለለው ይመስላል።»

ሚስ ኤኒድ ስኒዋን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ልቅ? የኔ ጥቅልል ልቅ ሆኖ አያውቅም! እዚያ ተጋድማ እየደማች፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ እንኳ ፀጉር ታህል አላዛነፍኩም!»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ሰር ሂውበርት እንጆሪው ጉሮሮው ላይ ቆመበት። ግሪምሾ ካቴናው ከጣቱ ወደቀ።

«እኔ!» አለች ሚስ ኤኒድ፣ አሁን ማንንም ሳታይ። «ንግሥት እጄን የጨበጠችኝን ሴት፣ ከእነዚያ ዳቦና ሳንድዊች ቋጥረው ከሚመጡት ጋር ተሰለፊ አለችኝ!»

«ለአንድ ወንበር ነው ለካ» አለች ማቤል። ካቴናውን ከወለሉ አንስታ አሰረቻት፤ ከዚያ የራሷን ወንበር ስባ ለቤሪል ሰጠቻት። ልጅቷ ተቀምጣ በሁለት እጇ አንገቷን ያዘች። ፍጻሜው ቀርቶባታል፤ አንገቷ ግን ተርፏል።

የፖሊሱ መኪና ከዋናው በር ውጭ ነበር የቆመው። ማቤል እስረኛዋን ይዛ ስትወጣ ለመግባት የተሰለፈው ሕዝብ ጃንጥላውን እያጠፈ በሩን ሞልቶታል። ሚስ ኤኒድ አገጯን ቀና አድርጋ፣ እንደ ወትሮዋ መንገድ ይከፈትልኛል ብላ መሐሉን ሰነጠቀች። ካቴናውን የሸፈነላት ካፖርቷ ነው፤ ማንም አላወቃትም።

ዳቦዋን በወረቀት የቋጠረች አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሰልፍ አቋርጣ የምትገባ መስሏት በክርኗ ገታቻት።

«ወዴት ነው፣ እማማ? እኛ ከንጋት ጀምሮ የቆምነው ጅሎች ስለሆንን ነው? ሰልፉ ከወዲያ ነው!»

«ልክ ነሽ፣ እህቴ» አለች ማቤል፤ እስረኛዋን በክንዷ ይዛ በረጅሙ ሰልፍ ጎን እስከ ጫፉ ድረስ፣ ሁሉም እያያት፣ አዞረቻት።