መስካሪው ያልለየው ጸሎት

ደሴ ላይ ጸሎት ሲጀመር መኪኖች ቆመው ይጠብቃሉ። በየአደባባዩ የተተከለው መስካሪ፣ ማለትም የሰውን ድምፅና ትንፋሽ አዳምጦ «ይህ ጸሎት ነው» ብሎ ለመንግሥት የሚያረጋግጠው ምሰሶ፣ አረንጓዴ ሲያበራ በሁለት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለ ሞተር ሁሉ ለሃያ ደቂቃ ጸጥ ይላል። ሕግ ነው። አሮጊቶች እንኳ ከለመዱት ቆይተዋል።

በዚያ ሐሙስ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ግን ጦሳ ተራራ ሥር ያለው መስካሪ ቢጫ ላይ ተገትሮ ቀረ። የመስካሪዎቹ ጠጋኝ ትርሲት ስትደርስ ሰዉ ሜዳው ላይ እጁን ዘርግቶ ተቀምጧል። ቆጠራ የሥራዋ መጀመሪያ ነውና ቆጠረች፤ ነፍስ አድን ሠራተኞቹን ጨምሮ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

ተራራው ውስጥ ዋሻ ተደርምሶ ሁለት ሠራተኞች ተቀብረዋል። ነፍስ አድኖቹ የመሬት ማዳመጫቸውን ዘርግተዋል፤ ነገር ግን ፍልፈሎቹ፣ ሰው አልባዎቹ የዋሻ መቆፈሪያ ማሽኖች፣ በሌላው ወገን እየቆፈሩ ስለሆነ ከነሱ ጉርምርምታ በቀር የሚሰማ የለም። ፍልፈሎቹ የሚታዘዙት ከአዲስ አበባ ነው፤ የማስቆሚያ ፈቃድ አራት ሰዓት ይፈጃል። ከታች ያለው አየር ደግሞ ከሁለት ሰዓት አያልፍም። ቶሎ ሊያስቆማቸው የሚችለው መስካሪው ብቻ ነበር።

«ምን አጥፍተን ነው እምቢ ያለን?» አሏት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። ልጃቸው ይመር ከታች ነው።

ትርሲት የምሰሶውን ስክሪን አየች። «ጸሎት፤ ሃይማኖቱ አልተለየም» ይላል።

«እማማ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ስለሚጸልይ ግራ ገብቶታል። የሚሞላው ቅጽ የሚቀበለው አንድ ሃይማኖት ነው። ለሁለት ብትከፈሉ ይሻላል።»

የይመር አጎት ሼህ እንድሪስ ቀና ብለው አዩዋት። «የት ነው የተማርሽው ልጄ?»

«ኮሪያ።»

«አዬ፣ ርቋል።» ተነሡ። «በሉ፣ ለልጆቹ ስንል እንከፈል።»

ክርስቲያኑ ሜዳው ዳር ወዳለው የጽድ ዛፍ፣ ሙስሊሙ ፊት ለፊቱ ወዳለው ቋጥኝ ሄደ። ሼህ እንድሪስ ዱዓ ጀመሩ። «ያ አላህ፣ ልጆቻችንን ከአፈር ሆድ በሰላም አውጣልን።»

«አሜን» አለ ጽዱ ሥር የተቀመጠው ሁሉ። ቢጫ።

«እማማ፣ እናንተ እኮ ዝም ማለት አለባችሁ።»

«ለልጄ ዱዓ ሲደረግ አሜን አትበይ ነው የምትዪኝ?»

ተራው የክርስቲያኖቹ ሆነና ቄሳቸው ጸለዩ። ከቋጥኙ በኩል ከሁሉም ከፍ ብሎ የተሰማው የሼህ እንድሪስ አሜን ነበር።

«አፌ ቀደመኝ» አሉ ሼሁ አንገታቸውን ደፍተው።

አንድ መንገድ ቀርቷል። መስካሪው ሲበላሽ ጠጋኙ በገዛ ስሙ መመስከር ይችላል፤ በሐሰት የመሰከረ ግን ከሥራው ይባረራል። ትርሲት የምሰሶውን ቁልፍ ስታዞር ስክሪኑ ጠየቃት፦ «ይህ ጸሎት መሆኑን ያምናሉ?»

ከአገር ከወጣች ወዲህ ጸልያ አታውቅም። ጸሎትን የሚሰማ ስለመኖሩም ትጠራጠራለች። ጥያቄው ግን ስለ ሰሚው ሳይሆን ስለሚጸልዩት ነበር። ወይዘሮ ማንጠግቦሽን አየቻቸው፤ «አዎ» የሚለውንም ነካች።

አረንጓዴ በራ። ከተራራው ሥር ጉርምርምታው ቀስ በቀስ ሞተ።

ሼህ እንድሪስ እጃቸውን አነሡ። «ጸሎቱ ይቆየን። አሁን እናዳምጥ።»

የተከፈተ አፍ ሁሉ ተዘጋ። ጽዱ እንኳ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደረገው ነፍስ አድን ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ቆየና ሦስት ጣቱን አወጣ።

«ሦስት ጊዜ መቱ። ከዋሻው የግራ ቅርንጫፍ ናቸው።»

ሰባት ሰዓት ላይ ይመር ከወፍጮ ቤት የወጣ መስሎ ብቅ አለ፤ ጓደኛውም ትከሻውን ተደግፎ ከኋላው ወጣ።

«እማዬ፣ ምሳ አለፈኝ?» አለ ይመር።

እናቱ ትከሻውን በመዳፋቸው መቱት፤ ከዚያም አቅፈውት ተቀመጡ። ሜዳው በሳቅና በለቅሶ ተሞላ።

በማግስቱ ትርሲት የብልሽት ሪፖርቷን ልትጽፍ የመስካሪውን መዝገብ ከፈተች። ማንም አንዲት ቃል ያልጸለየባቸውን የዝምታ ደቂቃዎች መሣሪያው በራሱ ለይቶ መዝግቧቸዋል፦ «ጸሎት። ሃይማኖት፦ አንድ። ሰው፦ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።»

«መሣሪያው አንድ ሰው አብዝቷል» ብላ ጻፈች።

ያን ጊዜ እሷም ምሰሶውን ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ ቆማ እንደነበር ትዝ አላት። የጻፈችውን አጠፋችው።