አልወጣም ያለው ሞጁል

«አሁንም ስታክ አደረገ» አለች የኔዓለም፣ እጇን ከኪቦርዱ ሳታነሳ።

ፍቅረ ሥላሴ በኮምፒውተር ክፍሉ መስኮት ወደ ግቢው ተመለከተ። ከአምበርና ከአማኑኤል ከተሞች የመጡት ተማሪዎች ከአውቶቡስ እየወረዱ ነው። ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጡት፣ እሱና የኔዓለም በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የሠሩትን የፈተና መለማመጃ ሊያዩ ነው። በፕሮግራሙ እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ለብቻው የሚገባና የሚወጣ ሞጁል ነው፤ ባዮሎጂን አውጥቶ ፊዚክስን ማስገባት ይቻላል። ችግሩ፣ የወጣው ሞጁል ከስክሪኑ ቢጠፋም የያዘውን ሜሞሪ አይለቅም። ጥቂት ካቀያየሩ በኋላ ሜሞሪው ይሞላና ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል።

«ሁለት ሞጁል ብቻ እናሳያቸውና እንዝጋው» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «ማን ይነቃብናል?»

«መምህርት ወለተ ኪዳንስ?»

«ተስተካክሏል ብያቸዋለሁ።»

የኔዓለም ዞር ብላ አየችው። በጣም ተናዳለች፤ ለመጣላት ግን ጊዜ የለም። ሜሞሪ ውስጥ ምን እንደቀረ የሚያሳየውን ፕሮግራም ከፈተች። ወጡ የተባሉት ሞጁሎች በሙሉ እዚያው አሉ። ማን እንደያዛቸው አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተከተለች። ሁሉም የሚያደርሱት ወደ አንድ ነገር ነበር፤ ለተፈታኙ የቀረውን ደቂቃ ወደሚቆጥረው ሰዓት።

«ፍቅሬ፣ ሞጁሉ ሲወጣ ሰዓቱን ማን ያቆመዋል?»

«ማንም።»

«ስለዚህ ፈተናው ካለቀም በኋላ ይቆጥራል። እሱ ይዞት እየቆጠረ ሞጁሉ ሜሞሪውን እንዴት ይልቀቅ?»

ፍቅረ ሥላሴ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሰዓቱን የሚያቆመውን የኮድ መስመር እሱ ጻፈ። መጀመሪያ ቦታው ተሳሳተና አልሠራም። አንድ መስመር ዝቅ አደረጉት። ባዮሎጂን አስገብተው አወጡ፤ በስክሪኑ ላይ የተያዘውን ሜሞሪ የሚያሳየው፣ ሽቅብ ሲወጣ የቆየው ግራፍ ቁልቁል ወረደ። ደጋግመው ሞከሩት፤ ደጋግሞ ወረደ። ሁለቱም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

በሩ ተከፈተና መምህርት ወለተ ኪዳን እንግዶቹን አስከትለው ገቡ።

«ዝግጁ ናችሁ?»

ፍቅረ ሥላሴ ተነሳ። «ቲቸር፣ ጠዋት ተስተካክሏል ያልኩዎት ውሸት ነበር። የተስተካከለው አሁን ነው። ችግሩን ያገኘችው የኔዓለም ናት።»

መምህርቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «እስቲ አሳዩን» አሉ።

የኔዓለም ማውሱን ልትይዝ እጇን ዘረጋችና ተወችው። ከወንበሩ ተነስታ ከፊት የቆመችውን የአምበር ተማሪ ጠራቻት።

«ነይ ተቀመጪ። ያሻሽን አስገቢ፣ ያሻሽን አውጪ።»

«ባበላሸውስ?»

«እስኪበላሽ ሞክሪው።»