የሳሃዴኦ ሞግዚት

ናሬንድ ከአውስትራሊያዋ ብሪዝበን ወደ ትውልድ ከተማው፣ ፊጂ ውስጥ ወዳለችው ላባሳ በገባ ማግስት፣ በአባቱ ቤት የእንጨት ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሎሳሊኒ ስትደርስ ዝናቡ ገና እያባራ ነበር። አስከሬኑን ገልበጥ አድርጋ አየች። ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነው። ደረቱ ሥር ተጣጥፎ በቀረው ቀኝ እጁ ጣቶች ላይ ነጭ ሳሙና ደርቋል።

«አዳልጦት ነው» አለች የታናሽ ወንድሙ ሚስት ኡርሚላ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ዝናቡን ሳያይ ሲወርድ ነው መቼስ።»

«ሲወድቅ አየሽው?»

«ኧረ እኔ ጎረቤት በረት ውስጥ ላም ሳልብ ነበር። ስመለስ ነው ያገኘሁት።»

ቤት ውስጥ የሰማንያ አራት ዓመቱ አባት ሳሃዴኦ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ምን እንደተፈጠረ አልገባቸውም። ግራ ጉንጫቸው ለስልሷል። ቀኙን ግን ነጭ ጢም ሸፍኖታል።

የእግራቸውን ቁስል የምታክመው ነርሷ ሴሬአና ፋሻ እየጠቀለለች ነበር።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ» አለቻት ሎሳሊኒ።

«ተጣልተናል፤ አልደብቅሽም። እግራቸው ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፣ ሆስፒታሉ ደግሞ የሞግዚት ፊርማ አምጡ ይላል። ፍርድ ቤቱ ሞግዚት ያደረገው በኩሩን ነው። ባሕር ማዶ ቢኖርም በሕግ ኃላፊው እሱ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ‹እመጣለሁ› እያለ አንገላታን! ትናንት ፊት ለፊት ነገርኩት።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩን ጠይቂው።»

ታናሽ ወንድምየው ጃይዋንት በረንዳው ላይ ቆሞ የሸንኮራ አገዳ ማሳውን ያያል።

«ተኝቼ ነበር» አለ። «የሚስቴ ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።»

«አባባን የሚንከባከባቸው ማነው?»

«እኔ ነኛ! አሥራ አንድ ዓመት! አጥቤው፣ አብልቼው፣ ጎንበስ ብዬ ጫማውን ሳስር ፀጉሬን እየዳበሰ ‹ናሬንድ ልጄ› ይለኛል። ለሰው የሚያወራው ስለ ናሬንድ፣ የሚመርቀው ናሬንድን!» ሳቀ። ሎሳሊኒም ለቤታቸው ታናሽ ናት፤ ያንን ሳቅ ታውቀዋለች።

«ዛሬ ጢማቸው ግማሽ ሆኖ ቀረ አይደል?»

«ወንድም ጋሼ ምን ያውቅና! የሽማግሌ ቆዳ በቀዝቃዛ ውሃ ይላጫል?»

ሎሳሊኒ ወርዳ አውቶቡሱንም፣ ጎረቤቱንም አጣራች።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ናሬንድ የወደቀው ዝናቡ ሳይጀምር ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር አልራሰም። ስለዚህ አላዳለጠውም። ጣቱ ላይ ሳሙና አለ፤ አባቱን እየላጨ ነበር። ሥራውን ሳይጨርስ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጥቷል፤ ሰው ጠርቶት ነው። ሴሬአና አውቶቡስ ውስጥ ነበረች፤ ሾፌሩ አረጋግጧል። ኡርሚላም ዝናቡ እስኪጀምር ከበረት እንዳልወጣች ጎረቤት መስክሯል።» ወደ ጃይዋንት ዞረች። «አንተ ተኝተህ ነበር። ታዲያ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ገምቼ ነው…»

«የመላጫው ውሃ ሳህን ታጥቦ ተሰቅሏል። ናሬንድ አባባን ይላጫቸው እንደነበርም ለማንም አልተናገርኩም።»

ኡርሚላ አፏን በእጇ ያዘች። ጃይዋንት ተቀመጠ።

«ስነሳ አባባ እየሳቀ ነበር» አለ። «ለእኔ አንድ ቀን ስቆልኝ አያውቅም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት፣ እሱ አንድ ጠዋት! ‹ና ውጭ› አልኩት። ደረጃው ጫፍ ላይ ‹የአባባን ነገር ልጨርስ ነው፣ ወረቀቱን ይዤዋለሁ› አለኝ። ወስዶ የአረጋውያን ማቆያ ሊከተው መሰለኝ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ።»

ሎሳሊኒ ከሟቹ ሻንጣ ያገኘችውን ፖስታ ከፍታ አነበበች።

«‹በሕግ የተጣለብኝን ግዴታ በሌላ አገር ሆኜ መወጣት አልቻልኩም። ለአባቴ ልጅ የሆነለት ታናሽ ወንድሜ ጃይዋንት ነው። ሞግዚትነቱ ለእሱ ይተላለፍልኝ።›» ወረቀቱን አጠፈችው። «የቀረው ያንተ ፊርማ ነበር።»

ጃይዋንት እጁን ዘረጋ። «ልፈርም። አሁኑኑ ልፈርም።»

«አሁንማ አይሆንም፣ ጃይዋንት።»

«የአባባ እግርስ?»

ከሎሳሊኒ ጋር የመጡት ፖሊሶች ክንዱን ይዘው ሲያነሱት ኡርሚላ ባሏን ሳታይ ወደ ሎሳሊኒ ዞረች።

«ምራትስ ሞግዚት መሆን ትችላለች?»

«ዳኛው ናቸው የሚወስኑት» አለች ሎሳሊኒ። «ጠይቂያቸው።»

«እኔ እመሰክርልሻለሁ» አለች ሴሬአና።

ኡርሚላ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና ጫማዋን ፈለገች።

«ፍርድ ቤቱ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»