ሻምበል ካባ ስም ሲጠራ

ይሄ የደረሰ ነገር ነው። ልብ ወለድ ፈልጋችሁ የመጣችሁ ሌላ ቻናል አለላችሁ።

ባለፈው "ከራስህ ፈጥረህ ነው" ብላችሁ የጻፋችሁልኝንም አልረሳሁም። ይሄኛው የሆነው በገዛ አክስቴ ግቢ ነው... ጎንደር፣ አራዳ፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

አክስቴ ትርንጎ ያላት ልጅ አንድ ነው። ወንዴ። ከእሱ በፊት ሦስት ቀብራለች።

ወንዴ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ የደባርቅ መስመር ሚኒባስ ሹፌር። የዚያን ቀን ኮሶዬ ላይ ጉሙ መንገዱን ስለዘጋው ተመልሶ ቤት ገብቷል። አክስቴ ከለቅሶ ስትመለስ ግቢው በር ላይ በረዶ ያዛት። ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ልጇ ክፍል ጣራ ሥር ሮጠች።

መስኮቱ ጋ ስትደርስ ዘፈኑን ሰማችው።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልሰማችውን ዘፈን...

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ ነው። ዘልላችሁ መጨረሻውን የምታነቡ፣ እናንተን አይመለከትም።

ወንዴ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ባምላክ የሚባል ሰው ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አንድ የካርቱን ካሴት ያሳያል፤ ያ ዘፈን የካርቱኑ መክፈቻ ነው። ቀይ ካባ ለብሶ የሚበር፣ ሕንፃ በአንድ እጁ የሚያነሣ ጀግና ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ስላልነበረ ባምላክ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ያስተረጉማል። ልጆቹ ጀግናውን "ሻምበል ካባ" አሉት። ወንዴ የእናቱን ነጠላ አንገቱ ላይ አስሮ ከአጥር ሲዘል ነው ያደገው።

አንድ ሰሞን ባምላክ ቤት ለቤት እየዞረ የልጆቹን የክርስትና ስም ጠየቀ።

"ለገና ሻምበል ካባ በክርስትና ስማቸው ይጠራቸዋል። ደስ ይበላቸው ብዬ ነው" አለ።

የክርስትና ስም ለማንም አይሰጥም። ስምህንና የእናትህን ስም ያልያዘ ክፉ ሰው እጁ ባዶ ነው፤ ይሄን ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቃል። እናቶቹ ግን ካርቱን ነው ብለው ናቁት። ሰጡት።

አክስቴ ብቻ ዋሸች። "ገብረ ጻድቅ ነው" አለችው። አልነበረም።

በገና ማግስት ልጆቹ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ፣ በባምላክ አፍ፣ አንድ በአንድ ተጠሩ። "አቤት" እያሉ ዘለሉ። "ገብረ ጻድቅ" ሲባል ግን የመለሰ የለም። ወንዴ ሻምበል ካባ እኔን ረሳኝ ብሎ ሲያለቅስ ከረመ። ባምላክም በዚያው ዓመት ቤቱን ዘግቶ ሄደ፤ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ መስኮቱ እንመለስ።

"ወንዴ... ምንድነው የከፈትኸው?"

"እማዬ፣ አገኘሁት። ቴሌግራም ላይ። ሻምበል ካባን።"

"ዝጋው።"

"ምነው? ካርቱን እኮ ነው።"

አልጋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ጉልበቱ ላይ ይዟል። በሩን ከውስጥ ቀርቅሮታል። መስኮቱ ብረት አለው። በረዶው ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ ነው።

ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

"እማዬ... ፈረንጅ ቁንጮ አለው እንዴ?"

"ምን?"

"ከኋላው ልጆች ቆመዋል። ያኔ አላየኋቸውም። አንዷ ቁንጮ አላት... ማተብም አስራለች።" ወደ ስልኩ ቀረበ። "ውዴን ትመስላለች።"

አክስቴ የመስኮቱን ብረት ጨበጠች። ውዴ የጎረቤት ልጅ ነበረች። የሞተችው በዚያው ዓመት፣ በፋሲካ ሰሞን ነው። ኩፍኝ ነው ተባለ።

"አጠገቧ ያለው ደግሞ ኮንጎ ጫማ ያደረገው በአንድ እግሩ ብቻ ነው..."

አብሯቸው ካርቱን ያይ የነበረውን የሰፈር ልጅ፣ ጌቾን፣ ከወንዝ ሲያወጡት አንድ እግሩ ባዶ ነበር።

"ስንት ናቸው?" አለች በሹክሹክታ።

"አሥራ አንድ።"

አሥራ አንድ ነበሩ "አቤት" ያሉት። ዛሬ አንዳቸውም በሕይወት የሉም። አንዱ በበሽታ፣ አንዱ በመኪና፣ አንዱ በውሃ... እኛ ሰፈሩ ዕድለ ቢስ ነው ስንል ኖርን።

"ልጄ ስማኝ። ማንም ይጥራህ ማን፣ አቤት እንዳትል።"

"ማን ይጠራኛል?"

የመለሰለት ስልኩ ነው። ባምላክ የለ፣ አስተርጓሚ የለ... በጥርት ያለ አማርኛ።

"ገብረ ጻድቅ።"

መልስ ጠበቀ።

"ገብረ ጻድቅ።"

ወንዴ ቀና ብሎ እናቱን አያት።

"ይሄን ስም የሰጠሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሳለቅስ እያየሽኝ?"

"እንዳይወስድህ ብዬ ነው።"

"ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅብኝ... ዝም ብለሽ?"

ፊቱ ክፉ ሆነ አለችኝ። የገዛ ልጇን ፈራችው። እያያት የስልኩን ድምፅ ጨመረው።

ቆይቶ ግን ስልኩን ሊዘጋው ደጋግሞ ተጫነው።

"አይዘጋም... እማዬ፣ ልጆቹ እየቀረቡ ነው።"

"ወርውረው። በሩን ክፈት።"

አልተንቀሳቀሰም። አንገቱ ወደ ስልኩ እየወረደ፣ እየወረደ... ፊቱ ላይ ቀይ ብርሃን ወደቀበት።

"ወንዴ።"

አይሰማም።

"ወንዴ... ወንዴ..." ብረቱን በጡጫ ደበደበችው። አይሰማም።

አራተኛ ልጅ ልትቀብር ነው። በቦታዋ ሳትሆኑ አትፍረዱባት።

በዚያ ድንጋጤ ውስጥ፣ ሲቆርብ የሚጠራበትን፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማው የኖረውን ስም ጮኻ ጠራችው። እውነተኛውን።

እኔ ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም። እናንተም ኮሜንት ላይ የክርስትና ስማችሁን እንዳትጽፉ። የጻፈውን አጠፋበታለሁ።

ወንዴ ጨዋ ልጅ ነው። እናት ስትጠራ "ምን" አይባልም፣ "ወይ" አይባልም። በኩርኩም ያስተማረችው ራሷ ናት።

ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል መለሰላት።

"አቤት።"

በረዶው ቀጥ አለ።

ስልኩ ውስጥ ሻምበል ካባ ስሙን ደገመው። ቀስ ብሎ... እያጣጣመ።

አክስቴ እየጮኸች ወደ በሩ ዞረች። ጎረቤቷ በላቸው ሮጦ መጥቶ በሩን በትከሻው ገነጠለው። ሲገቡ አልጋው ላይ ያለው ስልኩ ብቻ ነው። ጫማው አልጋው ሥር ነበር። የመስኮቱ ብረት አልተነካም።

ፖሊስ እየፈለግን ነው ይላል። ይፈልጉ።

ልጇን ከዚያ ካርቱን ለማዳን የዋሸችው ሴትዮ ዛሬ ስልኩን ከቻርጀር አትነቅልም። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ያለው ሱቅ ድረስ በጉያዋ ይዛው ትሮጣለች። 

ያለፈው ቅዳሜ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቪዲዮውን ከፈተችው።

ልጆቹን ቆጠርኳቸው። አሥራ ሁለት ናቸው።

አሥራ ሁለተኛው አንገቱ ላይ የሴት ነጠላ አስሯል።

አክስቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ስሙን ጠራች።

"አቤት" አለ።

የወንዴን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ መናኸሪያ ለመናኸሪያ ሲጮህ የሻከረ የጎልማሳ ድምፅ ነው። ይሄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። የደስታ ሲቃ ይዞታል።

"እማዬ" አለ... "ጠራኝ እኮ።"