ሁለት ጊዜ የተገባባት ከተማ

የፊልሙ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ጉርካዎች ከተማዋን ተዋግተው ሲይዙ» ይላል። አብሮት የመጣው የካሜራ ባለሙያው ደብዳቤ ደግሞ «ከተማዋ የተያዘችው በቀረጻው ዋዜማ ነው፤ ወታደሮቹን ለካሜራ ብዬ እንደገና አስገባኋቸው» ይላል።

ፍራኦል ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ዓይኑን አሸ። ሜሪላንድ ፓርክዌይ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለችው፣ አሮጌ ፊልም ወደ ዲጂታል በምትገለብጥ ሱቅ ውስጥ እሱ ፊልሙን ይገለብጣል፤ መግለጫውን የምትጽፈው አርያም ናት። ሽማግሌ ልኮባት አባቷ ካልተቀበሉት ወዲህ ሺፍቱን ቀይሮ ሸሽቷታል፤ ሰባት ወር ሙሉ የሚነጋገሩት ጠረጴዛ ላይ በሚተዉት ወረቀት ነበር። አርብ ደግሞ ሥራዋን ለቃ ሲያትል፣ እህቷ ጋ ልትሄድ ነው። ዛሬ ግን የፊልሙ ባለቤት ከሰዓት ስለሚመጡ ቀድማ ገባች።

«ደክሞሃል» አለችው ቦርሳዋን እያስቀመጠች።

«ደብል ሺፍት ሠርቼ ነው። አንቺም ደክሞሻል።»

«ዕቃ ሳሽግ ሰነበትኩ... እስቲ ክፈተው።»

ድምፅ የለውም ፊልሙ። ጉርካዎቹ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የዘመቱት የኔፓል ልጆች፣ በአንዲት የጣልያን ከተማ ፍርስራሽ መካከል ጎንበስ ብለው ግድግዳ ግድግዳውን ይሮጣሉ። የመጨረሻው ወታደር ግን ግንብ ተደግፎ ቆሟል። ድካሙ ከፊቱ ይነበባል። ከካሜራው ወዲህ የሆነ ሰው ምልክት ሳይሰጠው አልቀረም፤ ጠመንጃውን አነሣና ተከተላቸው።

«ሰገነቱን እይ» አለች አርያም።

እዚያ አንዲት ሴት ተረጋግታ ልብስ ታሰጣለች።

«ደብዳቤው ነው ልክ» አለ ፍራኦል። «ፊልሙ ውሸት ነው ማለት ነው።»

«ለምን ውሸት ይሆናል? ከተማዋን ይዘዋታል እኮ። ሁለተኛው መግባት ለሚያይ ሰው ነው።» ፊልሙን አቆመችው። «አባዬም የፈለገው ይህንኑ ነበር።»

«አባትሽ እምቢ ነው ያሉት።»

«እናስብበት ነው ያለው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የሴት አባት የት አየህ? እማዬ በየቅዳሜው ጥሩ ብርጭቆዎቿን አውጥታ ስትጠብቃችሁ ነበር።»

ፍራኦል ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ሽማግሌ የላክኋቸው ጋሽ ኪዳኔም እንመለስ ብለውኝ ነበር። ይተዉት ያልኳቸው እኔ ነኝ። እዚህ ውጭ አገር ነው ያደግሁት፤ ወጉን አላውቅም፤ አልሆነም የተባለ ሰው ደግሞ በር ካንኳኳ... ማስቸገር መሰለኝ።»

«በሩ የእኔም ነበር። እኔን ጠየቅኸኝ?»

አልጠየቃትም። ስልኩን አወጣና ደወለ፤ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ቅዳሜ እነ አርያም ቤት፣ አቶ ባዘዘው ጋ እንደገና ይሂዱልኝ?»

«አሁን ገና ነቃህ» አሉ ሽማግሌው። «ሱፌ ከላውንደሪ ከወጣ ሰባት ወሩ ነው። ግን የባዘዘውን አመል አውቃለሁ፤ ለሦስተኛ ጊዜም ሊያመላልሰን ይችላል። ልጅቱ እስከዚያ ትጠብቅሃለች?»

ፍራኦል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ወደ አርያም ዞረ። እሷ መግለጫውን እየጻፈች ነበር፦ «ጉርካዎች ቀድመው ወደያዟት ከተማ እንደገና ሲገቡ።» ነጥቡን አስቀመጠችና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ አባዬ ቅዳሜም እናስብበት ይል ይሆናል። እኔ ግን አስቤ ጨርሻለሁ... ሲያትል አልሄድም።»