የአራት ቁጥር ክፍል እስትንፋስ

መርማሪዋ ስትደርስ ሽማግሌው ድንጋይ ጠራቢ አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት በገዛ እጃቸው ከአለት በፈለፈሉት መደብ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሞተው ነበር። ጉንጫቸው እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል።

«እንዲህ የሚያቀላው የጋዝ መርዝ ነው» አለ ሐኪሙ። «ማሞቂያውም ይኸው አጠገባቸው ነው። ያልገባኝ ነገር፣ የአየር ቀዳዳው ክፍት መሆኑ ነው።»

ሆቴሉ ገደሉ ተቦርቡሮ የተሠራ፣ አሥራ ሁለት ክፍሎች ያሉት ነበር። እንግዶች ከሩቅ የሚመጡት ለጸጥታው ሲሉ ነው። ያን ዕለት ግን ለጫጉላ የመጡ ባልና ሚስት ሻንጣቸውን ይዘው እንግዳ መቀበያው ላይ ቆመው ነበር። «ጸጥታ ፈልገን ነበር፤ ይሄን ያህል ግን አላልንም» አለ ባልየው። ማንም አልሳቀለትም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ትንሽ ብትሆንም የማትገባበት የለም። የሟቹ ልጅ፣ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ፊት ፊት እየሄደ ሲመራት የጥቁር ኮቱን ጀርባ ስታይ መጣች። ከትከሻው በታች ነጭ አቧራ ነበረበት። የኮሪደሩን ግድግዳ በመዳፏ ነካችው፤ ቀለም የተቀባ ስለሆነ እጇ ላይ ምንም አልቀረም።

ከሟቹ ራስጌ ግድግዳው ላይ ወደ አሥር የሚሆኑ አዲስ የመዶሻ ምልክቶች ነበሩ። የድንጋዩ ፍርፋሪ ትራሱ ላይ ተበትኗል፤ ከራስጌያቸው የማይለየው መዶሻቸው በእሳቸውና በግድግዳው መካከል ወድቋል። ሽማግሌው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወር ሆኗቸው ነበር፤ ያለ ሰው እርዳታ አይነሡም።

አስከሬኑን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ምሳ ይዛ ስትገባ ነው። ዓይኗ አብጧል።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች።

«ምን አድርገሽ ነው እህቴ?»

«ብርዱ አጥንቴ ገባ አሉኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጋዝ ማሞቂያ አምጥቼ ለኮስኩላቸው። ልጃቸው እሳት ስለከለከለ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ያን ጊዜ ቀዳዳው ክፍት ነበር?»

«አዎ፣ አይቻለሁ። የአምስት ቁጥር ብርሃን በዚያ ይገባ ነበር። አራት ቁጥር መስኮት የለውም፤ የሚተነፍሰው በአምስት ቁጥር በኩል ነው። ጋሼ ‹ሳንባዬ› ይሉታል። ልጆቹ ግን ‹ጆሮው› ነው የሚሉት፤ አምስት ቁጥር ውስጥ ሲያንሾካሽኩ እንኳ እዚህ ይሰማላ።»

«አምስት ቁጥር ማን ነበር?»

«ትልቋ ልጃቸው። ትናንት መጥታ እዚያ አደረች። ሦስት ሰዓት ላይ ከወንድሟ ጋር ጋሼ የአረጋውያን ማቆያ ይግቡ አይግቡ እያሉ ሲጯጯሁ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ።»

«እሱ ምን ለብሶ ነበር?»

ሠራተኛዋን ጥያቄው ግራ አጋባት። «ሸሚዝ። ኮቱን እየተኮስኩለት ነበር። አራት ሰዓት ላይ ነው ወስጄ የሰጠሁት።»

አምስት ቁጥር በቅርቡ እንደገና ተጠርቦ ነበር፤ ግድግዳው ገና አልተቀባም። መርማሪዋ ስትነካው ጣቷ እንደ ዱቄት ነጣ። አልጋው ላይ ያለውን ትራስ ገለበጠችው፤ ክብ ነጭ ምልክት ነበረበት።

ሴት ልጃቸው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ከተማ እንደሄደችና ተደውሎላት እንደተመለሰች ተናገረች። «አልተጣላንም፤ ተመካከርን እንጂ» አለች ጣቶቿን እያፍተለተለች።

ወንድሟ ደግሞ «ከእህቴ ጋር ከተለያየን ወዲህ አምስት ቁጥር አልገባሁም። እስከ ምሳ ሰዓት እንግዳ መቀበያው ላይ ነበርኩ» አለ።

«አራት ሰዓት ተኩል ላይ እንግዳ መቀበያው ጋ ደወል ደውለን የመጣልን ሰው አልነበረም» አለች ሙሽራዋ፣ ሳትጠየቅ።

መርማሪዋ ሁሉንም የምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቁጭ በሉ አለቻቸው፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ቀዳዳው ክፍት ቢሆን ኖሮ አባታችሁ አይሞቱም ነበር። ስለዚህ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። መቼ? ግድግዳው ጆሮ እንዳለው እያወቀ የሚጮህ ሰው የለም። ሦስት ሰዓት ላይ የጮኻችሁት ጆሮውን ስለደፈናችሁት ነው፤ በአምስት ቁጥር ትራስ።»

«እኔ ነኝ የወተፍኩት» አለች እህትየዋ ቀስ ብላ። «እንዳይሰማ ብዬ። ነቅዬ ልሄድ ነበር። ረሳሁት።»

«ማሞቂያው መለኮሱን አላወቁም። ወንድምዎም አላወቁም። አባታችሁ ግን አየሩ ሲያጥራቸው ዝም አላሉም። መዶሻቸውን አንሥተው ግድግዳውን መቱ። ድምፁ አምስት ቁጥር ውስጥ ላለ ሰው በደንብ ይሰማል።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ኮትዎን ያውልቁና ጀርባውን ይዩት። ከዚህ ሆቴል ያልተቀባ፣ አቧራ የሚለቅ ግድግዳ የአምስት ቁጥር ብቻ ነው። ኮቱን የለበሱት ደግሞ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ኮቱን አላወለቀም።

«ትራሱን ስነቅል ነክቶኝ ይሆናል» አለ። «ከሞተ በኋላ፣ ለእህቴ ብዬ የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«ትራስ ለመንቀል ጀርባ አያስፈልግም። እርስዎ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ ብለው ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እህቱ ዞረ። ከዚያ ያወራው ለመርማሪዋ ሳይሆን ለእህቱ ነበር።

«የማቆያውን ወረቀት ልፈርም አምስት ቁጥር ተመልሼ ገባሁ። አባባ ግድግዳውን መምታት ጀመረ። ትራሱም እያለ ሰምቶናል፣ ተቆጥቷል ብዬ አሰብኩ። ፊቱን ማየት አፈርኩ። እስኪበርድለት ብዬ ቁጭ አልኩ። ሲያቆም እፎይ አልኩ፣ እትዬ።»

እህቱ ተነሥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ አልነካችውም። «የሁለታችንንም ይጻፉ» አለች መርማሪዋን። «የእሱን ብቻ እንዳይጽፉ።»

«እኔስ?» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ ከበሩ ሥር።

«አንቺ ቀዳዳውን አይተሽ ነው እሳቱን የለኮስሽው። እሱንም እጽፋለሁ።»

የአምቡላንሱ ሾፌር ገብቶ ኮሪደሩ ጠባብ መሆኑን፣ ረዳቱም አለመምጣቱን ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ ቆመ። መርማሪዋ አየችውና መንገዱን ለቀቀችለት።

እሱ በራስጌ፣ ሾፌሩ በግርጌ ቃሬዛውን አነሡት። መዞሪያ ስላልነበረ እሱ የኋሊት መሄድ ነበረበት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አንሶላው ከሽማግሌው ፊት ተንሸራተተ። ሁለቱም እጆቹ ቃሬዛውን ይዘዋልና ሊሸፍናቸው አልቻለም። እስከ ውጭው በር ድረስ፣ እያያቸው ሄደ።